ኮምፓክት ዙም ወይስ ሚረርለስ? ሐረርና ድሬ ላይ ካሜራ ለሚገዙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካሜራ አንገቴ ላይ አይተው የሚያስቆሙኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ለጉዞ ይፈልጋል። አንዷ ልጇን ልታነሳ ነው። ሌላው ሰርግ ቀረጻ ሊጀምር አስቧል። ዞሮ ዞሮ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ኪስ የምትገባዋን ባለ ዙም ልግዛ ወይስ ሌንሱ የሚቀያየረውን? ሁለቱንም ይዤ ጀጎልን ስዞር፣ ድሬ ስወርድ ዓመታት ሆኖኛል። እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁሌ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የምታነሱት በምን ብርሃን ነው?

ለመሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ኮምፓክት የምንላት ሌንሷ ከቦዲዋ ጋር አብሮ የተሠራ፣ የማይነቀል ነው። ስትበራ ሌንሷ ይወጣል፣ ስትጠፋ ይገባል። ሚረርለስ ግን ቦዲው ለብቻ፣ ሌንሱ ለብቻ ነው። ስሙ የመጣው በድሮዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች ውስጥ የነበረው መስታወት ስለሌለው ነው። የመጀመሪያው ሌንስ የሚቀያየርበት ሚረርለስ የፓናሶኒክ ሲሆን በ2008 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ዋናው ልዩነት ግን ከውጭ አይታይም። ሴንሰሩ ነው፤ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል። የብዙዎቹ ባለ ረጅም ዙም ኮምፓክቶች ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ያንሳል። መካከለኛ ሚረርለሶች የሚጠቀሙበት ኤፒኤስሲ የሚባለው ሴንሰር ደግሞ 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ነው። በስፋት ሲሰላ 13 እጥፍ ይሆናል። ፀሐይ በሞላበት ቀን ይህ ልዩነት እምብዛም አይሰማችሁም። ሲመሽ ወይም ቤት ውስጥ ስትገቡ ግን ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

በመካከል ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ዓይነት አለ። ባለ 1 ኢንች ሴንሰር የሚባሉ ኮምፓክቶች ናቸው፤ ሴንሰራቸው 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው። ካኖን ኤስኤክስ740 እና ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 7ን እጃችሁ ላይ ብታስቀምጧቸው ሁለቱም 300 ግራም ገደማ ናቸው። የሶኒው ሴንሰር ግን የካኖኑን 4 እጥፍ ነው። በዙም ደግሞ ካኖኑ 40 እጥፍ ሲሄድ ሶኒው ከ24 እስከ 200 ሚሊሜትር፣ ማለትም 8 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ ስለ 40ው ነው። ስለ ሴንሰሩ የሚነግራችሁ የለም።

40 እጥፍ ዙም ከ8 እጥፍ አይሻልም?

ቁጥሩ የሚነግራችሁ የሌንሱ ረጅሙ ጫፍ ከአጭሩ ጫፍ ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው። 40 እጥፍ ማለት ከ24 ተነስቶ 960 ሚሊሜትር ይደርሳል ማለት ነው፤ ሚሊሜትሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። ኒኮን ፒ1000 የሚባለው እስከ 3,000 ሚሊሜትር ይሄዳል። እሱ ግን 1.4 ኪሎ ስለሚመዝን ኪስ የሚባል ነገር እርሱት።

እንግዲህ ይህን ይዛችሁ ጀጎል ግቡ። መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ወደ ኋላ ብትሉ ጀርባችሁ ግንብ ይነካል። እዚያ የሚያስፈልጋችሁ 24 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የሰፋ ነው። 960ው ሥራ ፈት ነው።

ዙም የሚያስፈልግበት ቦታ የለም አልልም። ሐሮማያ ላይ ወፍ ለማንሳት፣ ደንገጎ ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ለማየት፣ ለኳስ ሜዳ ረጅም ዙም ወርቅ ነው። በዚህ በኩል ሚረርለስ ይሸነፋል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። እዚያ ርቀት ለመድረስ እንደ ሶኒ 200 እስከ 600 ያለ ሌንስ ያስፈልገዋል፤ ሌንሱ ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ነው፣ ዋጋውም ኪስ ያራግፋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ድሬ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሩቅ ያለ ነገር በዙም ስታነሱ ምስሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ይንቀጠቀጣል። ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም። ከመሬት የሚነሳው ሙቅ አየር ብርሃኑን ስለሚያጥፈው ነው። ይህን የሚያስተካክል ሌንስ አልተሠራም። መፍትሔው በጠዋት መነሳት ነው፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ድሬ ራሷ ሌላ ከተማ ትሆናለች።

ዲጂታል ዙም የሚባለውን ደግሞ ከቁጥር አታስገቡት። ያነሳችሁትን ምስል ቆርጦ ከማጉላት ውጭ ምንም አይሠራም።

ማታ ጅብ ሲበላ ማንሳት እፈልጋለሁ። የትኛው ይሻለኛል?

ሐረር የመጣ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ሚረርለስ፣ ያውም ከአንድ ብርሃን ከሚያስገባ ሌንስ ጋር። ለምን እንደሆነ ግን በዝርዝር ልናገር፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ከጅቡ በላይ ነው።

ቦታውን አስቡት። ከግንቡ ውጭ፣ ጨለማ ነው። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ሥጋ የያዘ ቅርጫት አለ። ቁራጩን እንጨት ላይ ጠምጥሞ ያቀርባል። ጅቡ አንገቱን ሰበቅ አድርጎ ይመጣል፣ ይነጥቃል፣ ወደ ኋላ ይላል። ሁሉም ነገር ከአንድ ሴኮንድ አይበልጥም። ያለው ብርሃን የአንድ ባጃጅ ወይም መኪና የፊት መብራት ነው። ከእናንተ እስከ ጅቡ ያለው ርቀት ደግሞ ሁለት ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ዙም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ብርሃን ነው።

ሌንስ ላይ ኤፍ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይጨምራል። ኤፍ 1.8 ሌንስ ያለው ሚረርለስ በ1/250 ሴኮንድ የሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን) 3200 ላይ ጥሩ ምስል አወጣ እንበል። ባለ 40 እጥፏ ኮምፓክት ዙሟን ጨርሳ ስትወጣ ሌንሷ ኤፍ 6.9 ይሆናል። የምታስገባው ብርሃን ወደ 15 ጊዜ ያንሳል። ያንኑ ምስል ለማግኘት ፍጥነቷን ወደ 1/17 ሴኮንድ ማውረድ አለባት። በ1/17 ጅቡ ቡናማ ጭጋግ ነው። አይኤስኦውን እንጨምር ብትሉ ወደ 47,000 ገደማ ይጠጋል፤ ትንሿ ሴንሰር ደግሞ እዚያ አትደርስም። ዙሙን ሳትነኩ በሰፊው ጫፍ ብታነሱ ይሻላል፣ ግን ያኔም ቢሆን የሴንሰሩ ትንሽነት አለ። ምስሉ በአሸዋ የተረጨ ይመስላል።

ፍላሽ እንዳትጠቀሙ። የጅብ ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ፎቶው ላይ ሁለት የሚያበሩ ኳሶች ብቻ ይቀራሉ። እንስሳውንም ያስደነግጣል፣ አብሯችሁ የቆመውን ሰውም ያውካል።

ይኸው ስሌት ለሐረሪዎች በዓል ለሹዋሊድ ምሽት ይሠራል። የሐረሪ ቤት ውስጥም ያው ነው። ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ) ላይ የተቀመጡትን እናቶች፣ ግድግዳው ላይ የተሰደሩትን ስፌቶች ማንሳት የምትፈልጉ ከሆነ በር በኩል የሚገባው ብርሃን ብቻ ነው ያላችሁ። ኤፍ 1.8 ሌንስ እዚያ ዓይን ይገልጣል።

ስልኬ እኮ አሪፍ ያነሳል። ኮምፓክት ምን ይጨምርልኛል?

ስልካችሁ የቅርብ ጊዜ ከሆነና የምትፈልጉት ለቤተሰብና ለቴሌግራም ከሆነ፣ ምንም አይጨምርላችሁም። ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ባለ ትንሽ ሴንሰሯ ኮምፓክት ከስልክ የምትበልጠው በእውነተኛ ዙም ብቻ ነው። በሌላው ሁሉ አዲስ ስልክ ይስተካከላታል፣ ማታ ማታማ ይበልጣታል። "እከሌ ገዝቷል" ተብሎ የሚገዛ ካሜራ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ሲሉ ሰምታ እንዳይሆንባችሁ።

የድሬ አቧራና ሙቀት የትኛውን ነው የሚጎዳው?

ብዙ ሰው ሌንሱ የማይነቀለው ከአቧራ ይጠበቃል ብሎ ያምናል። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። አንድ የግንቦት ከሰዓት በኋላ ከቀፊራ ገበያ ወጥቼ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻገርኩ። ነፋስ ነበረ። ኮምፓክቷን ደጋግሜ አብርቼ አጠፋኋት። ከሳምንት በኋላ የማነሳው ሰማይ ሁሉ ላይ፣ ሁሌ እዚያው ቦታ፣ ግራጫ ነጥብ አየሁ። ሌንሷ ሲወጣና ሲገባ አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር አቧራ ይገባል። ሴንሰሩ ላይ አንዴ ካረፈ እናንተ ልትደርሱበት አትችሉም። ካሜራዋ መፈታት አለባት። ለባለሙያ ሰጠኋት፣ ከተፈታች በኋላ ግን ዙሟ እንደ ድሮው አልሆነም። በጣም ነው ያዘንኩት፤ የልጄን የመጀመሪያ ዓመት ያነሳሁባት ነበረች።

ሚረርለስም አቧራ ይገባዋል። ሌንሱን ስትነቅሉ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ይጋለጣል። ልዩነቱ ራሳችሁ ማጽዳት መቻላችሁ ነው። በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ ግዙ፣ ካሜራውን ወደ ታች ደፍታችሁ ንፉበት። በአፍ መንፋት ክልክል ነው፤ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል። ሌንስ የምትቀይሩት ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ቢቸግር መኪና ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ ይሁን። መንገድ ዳር ባጃጅ እያለፈ አይቀየርም።

አቧራ መኖሩን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። አጉልታችሁ ስታዩት ጥቁር ነጥብ ካለ እሱ ነው።

ወደ ሙቀቱ ስንመጣ፣ ብዙዎቹ ካሜራዎች እንዲሠሩ የታሰቡት ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ነው። ጥላ ውስጥ ችግር የለም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ሙቀቱ ከዚያ ያልፋል፤ እዚያ አትተዉት። ፎርኬ የሚባለውን ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ለረጅም ጊዜ ስትቀርጹ ትናንሾቹ ካሜራዎች ቶሎ ይግላሉ፣ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ኤሲ ነው። ኤሲ ሲነፍስበት ካደረ ክፍል ካሜራውን ይዛችሁ ውጭ ስትወጡ፣ በተለይ ዝናብ በጣለበት ሰሞን፣ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ከቦርሳው ሳታወጡ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት።

ይህ አገር በካሜራ ላይ ጣጣ ማብዛቱ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. ሐረር ሆኖ ከአገሩ ባስመጣው ካሜራ ራሱን አንስቶ ለቤተሰቡ ልኮ ነበር። ፎቶዎቹ ነጥተው ነበርና፣ ምክንያቱ ያጠበበት ውሃ መጥፎነት መሆኑን ጽፎላቸዋል። በስሙ የሚጠራው ጀጎል ውስጥ ያለው ቤት የድሮዋን ሐረር ፎቶዎች ያሳያል። ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ገብታችሁ እዩ፤ አንድ ረጅም ዙም ሳይኖር ምን ማንሳት እንደሚቻል ትማሩበታላችሁ።

ሚረርለስ ልገዛ ወስኛለሁ። ገንዘቤን ቦዲው ላይ ላውጣ ወይስ ሌንሱ ላይ?

ሌንሱ ላይ። ደግሜ እላለሁ፣ ሌንሱ ላይ። አብሮ የሚሸጠው ትንሹ ዙም ሌንስ ለቀን ደህና ነው፣ ማታ ላይ ግን ያስተክዛል። ሚረርለስ ገዝቶ በዚያ ሌንስ ብቻ የቀረ ሰው ባለ 1 ኢንች ኮምፓክት ቢገዛ ይሻለው ነበር። ያገለገለ ሶኒ ኤ6400 ወይም አዲስ ካኖን አር50 ውሰዱ። ከ400 ግራም ብዙ አይርቁም። በተረፈው አንድ ኤፍ 1.8 ሌንስ ጨምሩ። ለጀጎል ከ35 ሚሊሜትር አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል፤ 50 ሚሊሜትር ኤፒኤስሲ ላይ በጣም ስለሚያቀርብ ለጠባብ ቦታ አይሆንም፣ ለፊት ፎቶ ግን ያምራል።

ሰርግ ቀረጻ ልጀምርበት ብዬ ነው። ኮምፓክት አይበቃም?

አይበቃም። አዳራሹ ጨለማ ነው፣ ሙሽሮቹ አይጠብቋችሁም። ብዙ ኮምፓክቶችና የቆዩ ሚረርለሶች ቪዲዮውን 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ያቆሙታል። ንግግሩ መሃል ላይ ሲቆም ምን እንደሚሰማ አትጠይቁኝ። ድምፅ መቅጃ የሚሰካበት ቀዳዳ መኖሩንም እዩ።

እዚህ አገር የመብራቱ ኃይል 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ በሴኮንድ 25 ወይም 50 ፍሬም አድርጋችሁ ቅረጹ፣ የሹተሩን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት። አለበለዚያ የአዳራሹ መብራት ቪዲዮው ላይ ይርገበገባል።

ከሁሉም በላይ ግን ለሥራ የምትይዙት ካሜራ ሁለት ካርድ የሚወስድ ይሁን። ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ይወስዳል፤ ኤ6400 እና አር50 አይወስዱም። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንድ የሒና ምሽት ላይ ካርዴ ሞተ። ሙሽራዋ እጇን ስትዘረጋ፣ እናቷ አጠገቧ ስትስቅ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ወደ ቤታቸው ሄጄ ለእናቷ በአካል ነገርኳቸው። "ይሁን ልጄ፣ ከእግዜር ነው" አሉኝ። ይቅር ማለታቸው ከቁጣ በላይ ከበደኝ።

ሐሰተኛ ካርድ ታዲያ በምን ይታወቃል?

ሐሰተኛ ካርድ ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ይላል፣ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል። ቦታ እንዳለው አስመስሎ መቅዳቱን ይቀጥላል፣ በኋላ ግን ፋይሉ አይከፈትም። ስትገዙ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ እስኪሞላ ድረስ ፋይል ገልብጡበት። ከዚያ መልሳችሁ ክፈቱ። የሐሰተኛው ጉድ እዚያ ይወጣል። ከአንድ ትልቅ ሁለት መካከለኛ ይሻላል።

ታይዋን ገበያ ያገለገለ አገኘሁ። ምኑን ልይ?

መጀመሪያ የማታውቁት ስም ያለው፣ ላዩ ላይ 48 ሜጋፒክስል እና 16 እጥፍ ዲጂታል ዙም የተጻፈበት አዲስ ካሜራ በርካሽ ከቀረበላችሁ እለፉት። ከድሮ ስልክ አይሻልም።

ትክክለኛው ካሜራ ከሆነ ደግሞ አብሩት፣ ዙሙን እስከ ጥግ አውጡና መልሱ። ጆሯችሁን አስጠጉ። እንደ አሸዋ የሚንቋቋ ድምፅ ካለ ተዉት። የስልካችሁን ባትሪ መብራት በሌንሱ ውስጥ አሳልፋችሁ እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ባትሪውን አውጡና ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሩት፤ ካበጠ ይዞራል። የነጩን ግድግዳ ሙከራ እዚያው ሥሩ። ሜኑውንም ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ካሜራዎች ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም፣ መቀየርም አይቻልም። ከዱባይ ዘመድ ያመጣው ከሆነ የቻርጀሩ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ አዳፕተር ያስፈልጋችኋል።

ሻጩ ይህን ሁሉ ስታደርጉ ፊቱ ከጠቆረ ሌላ ሱቅ አለ።

መብራት ሲጠፋስ? ባትሪው ስንት ይቆያል?

ኤስኤክስ740 በአንድ ቻርጅ 265 ፎቶ ገደማ፣ ኤ6400 ደግሞ 410 ገደማ። ሁለተኛ ባትሪ ግዙ። በዩኤስቢ ቻርጅ የሚሆን ከሆነ ፓወር ባንክ ያድናችኋል።

ትልቅ ካሜራ ይዤ ጀጎል ውስጥ ሰው ማንሳት አይከብድም?

ይከብዳል። ትንሿን ስይዝ ሰው ወሬውን ይቀጥላል። ትልቁን ስይዝ ልብሱን ያስተካክላል፣ ወይም ፊቱን ያዞራል። ለመንገድ ፎቶ ኮምፓክቷን የምመርጠው ለዚህ ነው፤ በቀን ብርሃን ከሆነ ምንም አይጎድልባትም። ግን በየትኛውም ቢሆን መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ። "እናቴ፣ ላንሳዎት?" ብሎ መጠየቅ ሁለት ሴኮንድ ነው የሚፈጀው። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ከሩቅ በዙም ሰርቆ ማንሳት ግን ነውር ነው፣ ሰዎቹም ያውቁታል። ኬላና ወታደር ያለበት አካባቢ ስትደርሱ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

ስንት ሜጋፒክስል ይበቃኛል?

10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ በጥሩ ጥራት ለማሳተም 2 ሜጋፒክስል ገደማ ነው የሚፈልገው። ኤ4 ወረቀት የሚያህል ከሆነ 9 ያህል። ዛሬ የሚሸጡት ካሜራዎች ብዙዎቹ 20 እና ከዚያ በላይ አላቸው። ስለዚህ በዚህ አትጨነቁ፣ ይልቅ አሳትሙ።

ስፌት የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ባነሳኋቸው ቁጥር "መቼ ነው የምታመጣልኝ?" ይሉኝ ነበር። እኔም ነገ፣ ነገ እላለሁ። አንድ ቀን በዚያችው ኮምፓክት ጠዋት ላይ ያነሳሁትን 10 በ15 አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነስተው ከትልቁ ሙዳይ ጎን ግድግዳው ላይ ሰኩት። የሚቀጥለውን ከልጅ ልጃቸው ጋር፣ ቤት ውስጥ እንዳነሳቸው አዘውኛል። ለዚያ ሚረርለሱን ይዤ እሄዳለሁ።